ያለ ፍላሽ

ካሜራ ልቀይር ወይስ ባለኝ ልቀጥል እያሉ ምክር የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። የአብዛኞቹ ጥያቄ አንድ ነው፤ መብራቱ ደካማ የሆነ ቤት ውስጥ ሳነሳ ፎቶው ይጨልማል፣ ወይም አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፣ አዲሱ ይሻል ይሆን? ይሻላል። ይህን ለማወቅ እኔን መጠየቅ አያስፈልግም፣ ሻጩም ይነግራችኋል። እኔ የምጽፈው ሻጩ የማይነግራችሁን ነው።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ። ወርቅነሽ እባላለሁ። ዘመዶቼ ወርቄ ይሉኛል። እዚህ አገር ስንገባ አንዲት ጸሐፊ ስሜን መጥራት አቃታትና ዘሃቫ ብላ መዘገበችኝ። ያው በዕብራይስጥ ወርቅ ማለት ነው አለችኝ፤ ትልቅ ውለታ የዋለችልኝ ይመስል ፈገግ ብላ። ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው።

ፎቶ የተማርኩት ሮቫ ቤት በነበረ አንድ ፎቶ ቤት ነው። ተማርኩ ስል ያስተማረኝ ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ። የገባሁት ወለል ልጠርግ ነው። ማተሚያው ላይ የምትሠራው ሴት ወልዳ ስትቀርና ሰው ሲጠፋ ባለቤቱ «ዘሃቫ፣ እጅሽ ንጹሕ ነው፣ ነይ» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ማሽን ፊት ቆምኩ። የእኛ ሰዎች የሠርግ ፎቷቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ነጩ ቀሚስ ፍንትው ብሎ ይወጣና ከአንገት በላይ ግን ሙሽራ የለችም። ቅር ያለው ሰው ሲጠይቅ ባለቤቱ እየሳቀ «ፎቶው ምንም አልሆነም፣ እናንተው እንዲህ ናችሁ» ይል ነበር።

ማሽኑን ጥቂት ነካ ሳደርገው ፊታችን እንደሚወጣ የገባኝ በሁለተኛው ወር ነው። ለእሱ አልነገርኩትም። ረቡዕ ረቡዕ ወረቀት ሊገዛ ቴል አቪቭ ይሄዳል፤ ያን ቀን የእኛን ሰዎች ፎቶ ለብቻ አወጣና በእኔ መንገድ አትማለሁ፣ ከመመለሱ በፊት ማሽኑን እንደነበረ አደርገዋለሁ። በሰፈሩ «የረቡዕ ፎቶ ጥሩ ነው» ይባል ጀመር። ሰውየው የረቡዕ ፎቶ ለምን እንደሚለይ ሳያውቅ ኋላ ሱቁን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ የራሴን ካሜራ ገዛሁ። የአካባቢያችን ሠርግ፣ ግዝረት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ባር ሚጽቫ፣ ተዝካር፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ሰው ሲሞት ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ ፍለጋ የሚመጡት እኔ ቤት ነው። አንድ ነገር ነበረኝ ካላችሁ እሱ ነበር።

አሁን ስለ ግንባሬ ልናገር፤ ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ያለ እሱ የሚቀጥለው ነገር ስለማይገባችሁ ነው።

ባደግኩበት የጎንደር ገጠር የእኛ የአይሁዶቹም ልጆች የክርስቲያኖቹም ልጆች ይነቀሱ ነበር። በሰባት ዓመቴ አንዲት ጎረቤት በመርፌና በኩራዝ ጥላሸት ግንባሬ ላይ ትንሽ መስቀል ነቀሰችኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማ «አምሮብሻል» አለችኝ። ለእሷ ጌጥ ነበር። እዚህ መጥቼ ልዳር ስል ግን የወደፊት አማቴ፣ እማማ አንጓች፣ «ግንባሯ ላይ መስቀል ተሸክማ ከልጄ ጋር በሠርጉ ዳስ፣ ሑፓ ሥር አትቆምም» አሉ። ያሉት ለእኔ አይደለም፤ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ለሰው ነው የተናገሩት። ሐኪሙ ዘንድ ይዛኝ የሄደችው ልጃቸው ትርንጎ ናት፣ የባሌ እህት። ሐኪሙ ቆዳዬን በሚሽከረከር ብረት ፋቀው። አልጠፋ ሲለው ከወር በኋላ ደገመው። መስቀሉ ሄደ፣ በቦታው የአውራ ጣት ስፋት ያለው የተጨማደደ ጠባሳ ቀረ። ባሌ «ያልፋል» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም፣ ነፍሱን ይማር።

ሠላሳ አራት ዓመት ሻሼን ግንባሬ ላይ አውርጄ አሰርኩ። እማማ አንጓችም ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወርዱ ነበር። የእኔ ሲሆን እፍረት ነው፣ የእሳቸው ሲሆን ጨዋነት። ለሙሽሮች «እንደ እማማ አንጓች ተሸፈኚ» ተብሎ ይመከር ነበር። ከእጄ አንድ ቀን እህል ቀምሰው አያውቁም። ሁልጊዜ አንቱ እላቸው ነበር፤ አንቱታውን የሰጠሁት ለዕድሜያቸው ነው።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በክረምት ነው። እዚህ ክረምት ማለት ከባሕሩ የሚመጣ ነፋስና የማይደርቅ ልብስ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ሳለ ትርንጎ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች። ልጇ ሊያገባ ነበር።

«ወርቄ፣ የልጄን ቀሸራ ማን እንደሚያነሳ ገና አልወሰንኩም» አለችኝ። ቀሸራ ማለት የእኛው የአይሁድ ቄስ ባርከው ሙሽራው ግንባር ላይ ቀይና ነጭ ክር የሚያስሩበት ሥርዓታችን ነው።

«አልጠየቅሁሽም» አልኳት።

«እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው። አምና የአባቴን ተዝካር ስታነሺ ከሰል አደረግሽን። ራሴን የለየሁት በጥርሴ ነው።»

ጓደኞቿ ሳቁ።

«በተዝካር ላይ ጥርስ ምን ሊሠራ ወጣ?» አልኳት። አንደኛዋ ሳቋን ዋጠች፣ ሌላዋ ባሰባት።

ትርንጎ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረች። «ሊዮር የሚባል ልጅ አለ። ካሜራው አዲስ ነው፣ ጨለማ አያውቅም። ግን ደግሞ ዘመድ ነሽ፣ ሰው ይጠይቀኛል። እንዲህ እናድርግ። ቀሸራው የሚሆነው ሚቅላቱ ውስጥ ነው። እናቴ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ አለች። ሄደሽ እዚያው፣ ያለ ፍላሽ፣ እናቴን አንሺልኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጥቼ አያለሁ። የእናቴ ፊት ከታየ ሥራው ያንቺ ነው። ካልታየ አትቀየሚኝ፤ ለሰውም የምነግረው አላጣም።»

የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉ። ትርንጎ ለሰው ከነገረች በዚህ ከተማ ማንም አይጠራኝም።

ሚቅላቱ ሮቫ አሌፍ፣ በአሮጌ ሕንፃዎች መሃል፣ ከመሬት በታች ያለ፣ ሮኬት ሲተኮስ የሚገባበት መጠለያ ነው። ሳይረን በሌለበት ቀን አዛውንቶቻችን ይሰበሰቡበታል፣ ቄሱም ይጸልዩበታል። መስኮት የለውም። ጣሪያው ላይ በብረት መረብ የታሰረች አንዲት መብራት አለች፣ እስረኛ ትመስላለች። ቄሱ ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወዲህ ፍላሽ አይፈቅዱም። «መብረቅ ይዞ የሚመጣ ውጭ ይቆይ» ይላሉ። እንግዲህ ያ አሮጌ ካሜራዬ እዚያ ምን ያድርግ? ብርሃን የሚያስገባውን መክፈቻ ባዘገየው፣ ሰው ትንሽ ሲነቃነቅ ፎቶው ይበጠበጣል። የብርሃን ትብነቱን ከፍ ባደርገው ፎቶው ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ካሜራውን ካወቅሁት አሥር ዓመት ሆነኝ። የሚችለውን ሁሉ አድርጎልኛል፤ ትርንጎ ግን እውነቷን ነበር። ከሰል አድርጌያቸዋለሁ። ያበሸቀኝም እውነት መሆኑ ነው፤ ያ የፎቶ ቤት ባለቤት የሚያደርገውን እኔም በራሴ እጅ አደረግሁት።

በማግሥቱ መሃል ከተማ ወዳለ ካሜራ መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ጎልማሳ ነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል።

«ለልጅሽ ስጦታ ነው?» አለኝ።

«ለእኔ ነው።»

«እ... ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክር ቀለል ያለች፣ በጣም ቆንጆ፣ ሮዝ ቀለም ያላት...»

«በጨለማ የሚያነሳ አምጣ። ባዶ ሱቅ ውስጥ ቆመህ ቁጥር አትቁጠርልኝ። ጥቁር ጨርቅ አለህ?»

የሌንስ መጠቅለያ ጥቁር ጨርቅ አመጣ። ይዤው ወደ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍላቸው ገባሁና መብራቱን አጥፍቼ በሩን ጭላንጭል እስኪቀር ገፋሁት። በአሮጌው አንድ አነሳሁ፣ በአዲሱ አንድ። የአሮጌው ጉድጓድ ነው። በአዲሱ የጨርቁ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሻጩ አንገቱን በበሩ አስግጎ «ምን እያነሳሽ ነው?» አለ።

«ቤተሰቤን» አልኩት።

ዋጋውን አልጽፍም። ሰምቼ ቁጭ አልኩ ብል ይበቃል። እንደምንም ብዬ ለሁለት ቀን በኪራይ ወሰድኩት፤ ከወደድኩት ልገዛው፣ ካልወደድኩት ልመልሰው። በአውቶቡስ ስመለስ ካሜራውን ጭኔ ላይ አቅፌ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ በስልሳ ሁለት ዓመትሽ፣ ለትርንጎ ጥርስ ብለሽ ይህን ሁሉ ልታወጪ ነው? አልወሰንኩም። ሐሙስ ይወስናል አልኩ።

ሐሙስ እኩለ ቀን አልፎ ወደ ሚቅላቱ ወረድኩ። አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሴቶች ነበሩ። ጨርቅ የሚጠልፉ አሉ፣ የሚያንቀላፉ አሉ፣ ስለ ኩፓው፣ ስለ ጤና መድኑ ሐኪም የሚያማርሩ አሉ። ግንባራቸው ላይ፣ አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸውም አሉ፣ ሳይሸፍኑ ነው የሚቀመጡት። አንዷ «የወጣትነቴ ጌጥ ነው፣ ለማን ብዬ ነው የምደብቀው?» ትላለች። እማማ አንጓች ከእነሱ ጋር አይቀመጡም። መብራቱ በማይደርስበት ጥግ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ የራሳቸው ወንበር አላቸው። ሁልጊዜ እዚያ ናቸው። ኩራት ይመስለኝ ነበር።

«ትርንጎ አንሺያቸው ብላኝ ነው» አልኳቸው።

«ነግራኛለች። በዚህ ጨለማ ምን ልታነሺ ነው? ቶሎ ጨርሺ።»

ምድር ቤቱ ይሞቃል፣ አየር የለውም። እሳቸውም እንደ ሌላው ቀን ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሻሻቸውን ላላ አድርገው ነበር። እኔ የማየው ነጭ ጨርቅና ከሥሩ የሆነ ጥላ ብቻ ነው። በአሮጌው ካሜራ አንድ አነሳሁ፤ ከሰል። ከዚያ አዲሱን አወጣሁ፣ ያለ ፍላሽ፣ ትንፋሼን ያዝኩና ተጫንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድምፁ እንኳ የለውም።

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ ስክሪኑን አየሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የዓይናቸውን ሽፋሽፍት ነው። ቀን ውጭ ላይ የተነሳ ይመስላል። የጉንጫቸው መስመር፣ የከንፈራቸው ጫፍ፣ የሻሹ ስፌት። የፎቶ ሰው ነኝና መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ጥራቱን ለማየት ፊታቸውን አጎላሁት። ሻሹ ጣት ያህል ወደ ላይ ሸሽቷል፣ ከሥሩ የሆነ ነገር አለ። ቆሻሻ መስሎኝ ሌንሱን በሹራቤ ጠረግሁ። እንደገና አጎላሁት።

መስቀል ነው። የደበዘዘ፣ ሰማያዊ፣ አራት ክንዱ ጫፍ ጫፉ ላይ ነጠብጣብ ያለው። ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ሦስቱንም ፎቶ አየሁ። ሦስቱም ላይ አለ። ቀና ብዬ ወደ ጥጉ ተመለከትኩ፤ በዓይኔ የሚታይ ነገር የለም፣ ጨለማ ብቻ። እንግዲህ ሠላሳ አራት ዓመት የፀሐይ ብርሃን ባለበት ሁሉ እስከ ቅንድባቸው ተሸፍነው፣ ነፋስ የሚያገኙት እዚህ ጥግ ላይ፣ ጨለማውን አምነው ነበር።

ትርንጎ እስክትመጣ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቶኛል። በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ ከረሜላ አንድ በአንድ መቅመስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ለእነዚያ ለሚጠልፉት ሴቶች አሳያለሁ። ማሳየት እንኳ አያስፈልግም፣ «እስቲ እዩልኝ፣ ቆሻሻ ነው ወይስ ሌላ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ቄሱ ያያሉ። ከዚያ ሠርጉ ላይ፣ የቤተሰብ ፎቶ በትልቁ ስክሪን ሲታይ፣ የሙሽራው አያት ተብሎ ይወጣል። ትርንጎ ራሷ ናት ያዘዘችው። የእናቴ ፊት ይታይ ብላ የለ?

ይህን ሁሉ ለማድረግ ምንም የከለከለኝ ነገር አልነበረም። ልቤ ራራ ብዬ አልዋሽም። ያስነሳኝ ሌላ ነው፤ ለሰው ሁሉ ካሳየሁ በኋላ እማማ አንጓች ለሰው ሁሉ መልስ ይሰጣሉ፣ ለእኔ ግን አይሰጡም። እኔ ደግሞ መልሱን ፈለግሁት።

ሄጄ አጠገባቸው ወንበር ሳብኩ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ቀርቤያቸው አላውቅም።

«ይመልከቱ» አልኳቸው።

ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ሰደዱ፣ ሻሹን አወረዱ። «ማን አበራው?»

«ማንም አላበራም። ካሜራው ነው።»

«እዚህ እኮ መብራት የለም» አሉ፤ ቤት የተሰበረበት ሰው ቁልፉን እያየ እንደሚናገረው።

«ለእንዲህ ዓይነት ቦታ የተሠራ ነው።»

«ለማን ልታሳዪው ነው?»

«ላዘዘችኝ። ከእሷም ቀጥሎ ለሌላው።»

ሴቶቹ መሃል አንዷ የሆነ ነገር ተናግራ ሳቅ ሆነ። እማማ አንጓች ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ።

«የራስዎ እያለ የእኔን ለምን?» አልኳቸው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ ከለመድኩት ውጭ ሌላ ድምፅ አልነበረኝም።

«ያንቺን ያየ የእኔን ይፈልጋል ብዬ ነው። አንቺ ገልጠሽ እቤቴ ስትገቢ ስትወጪ፣ ሰው ግንባር ማየት ይለምዳል። ከለመደ አያቆምም።»

«ስለዚህ የእኔ ይፋቅ።»

«ስለዚህ ተፋቀ።»

«የእርስዎንስ ለምን አላስፋቁትም?»

እማማ አንጓች እንደ ሞኝ ተመለከቱኝ። «ያማል አሉኝ» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። እውነቴን ነው፣ ሴቶቹ ዞር ብለው እስኪያዩን ሳቅሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቅሁት መልስ ይኸው ነበር። ትልቅ ምክንያት ያለ መስሎኝ ነበር፤ ሃይማኖት፣ የዘር ክብር፣ የሆነ ነገር። ያማል አሏቸው፣ ይኸው ነው።

«አጥፊው» አሉኝ።

«አጠፋዋለሁ። መጀመሪያ ግን እርስዎ እኔን ያነሱኛል።»

ሻሼን ፈታሁ። ከባሌና ከሐኪሙ በቀር ማንም ፊት ፈትቼው አላውቅም። ካሜራውን አንገታቸው ላይ አጠለቅሁላቸው። «በዚች በኩል ይመልከቱ። ግንባሬ መሃል ላይ ሲመጣ ይጫኑ።»

«እኔ ካሜራ ይዤ አላውቅም።»

«እኔም ሐኪም ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር።»

የመጀመሪያው ጣሪያው ሆነ። ሁለተኛው የራሳቸው ጣት። ሦስተኛው ላይ ጎንበስ ብዬ ቀረብኩላቸው፣ ዘመም ብሎ ወጣ፤ ግማሽ ፊት፣ አንድ ዓይንና ጠባሳው። መጨማደዱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ያዙት።

«ትልቅ ነው» አሉ። «ትንሽ መስሎኝ ነበር።»

ይህን ያህል ዘመን አንድ ቀን አይተውት አያውቁም ማለት ነው። ይቅርታ እንዳሉ የሚመስላችሁ አንባቢዎች ካላችሁ አላሉም። እኔም አልጠበቅሁም። ካሜራውን ተቀብዬ፣ ጣታቸውን ይዤ፣ እኔ ያነሳኋቸውን የእሳቸውን ሦስት ፎቶ በራሳቸው ጣት አስጠፋኋቸው።

ትርንጎ ስትወርድ ሻሼን መልሼ አላሰርኩም ነበር። ደረጃው ላይ ሆና አየችኝና እርምጃዋ ተገታ።

«ምን ሆነሻል? ራስሽን አሞሽ ነው?»

«ሞቆኝ ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ካሜራውን ሰጠኋት። ያ የዘመመው ፎቶ ነው የወጣላት። «ይኼ ምንድነው? ይኼን ማን አነሳ?»

«እናትሽ።»

«አትቀልጂ። እኔ ያልኩሽ የእናቴን ነው። የእናቴ ፊት ታየ አልታየ?»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እማማ አንጓች ከጥጋቸው «ታየ» አሉ። «ጥሩ ካሜራ ነው። ከሚገባው በላይ ያሳያል።»

ያኔ የትርንጎ እጅ ተወነጨፈ። አልጠየቀችም፣ ምን ታየ አላለችም። ቀጥታ ወደ እናቷ ግንባር ሄዳ ሻሹን በሁለት እጇ እስከ ቅንድባቸው አወረደችው። ከዚያ ምን እንዳደረገች ገባትና ወደ እኔ ዞረች።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ እጄን ይዛ «ለአንቺው ብለን ነው» ስትለኝ የእናቷን መስቀል ታውቅ ነበር። ይህን እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም ነበር።

«ሥራው ያንቺ ነው» አለችኝ።

«አልፈልገውም። ሊዮርን ጥሪው።»

«ወርቄ...»

«ለሰው የምትነግሪው ካለሽ ንገሪ። እኔም የምነግረው አላጣም።»

ሻሼን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ደረጃውን ወጣሁ። ውጭ ነፋሱ ግንባሬን ሲመታኝ እንግዳ ሰው የነካኝ ያህል ደነገጥኩ። በማግሥቱ ካሜራውን ልመልስ ሄጄ ገዛሁት። ሻጩ ቤተሰቤ ፎቶውን ወዶት እንደሆነ ጠየቀኝ። በጣም አልኩት።

ቀሸራው ላይ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሊዮር ገና ሲጀምር ፍላሹን ለቀቀው፤ ቄሱ ምርቃቱን አቋርጠው ዓይናቸውን ሸፈኑና ክሩን በእጃቸው እንደያዙ «ይኼን መብረቅ አውጡልኝ» አሉ። ያለ ፍላሽ ሲሞክር ደግሞ ያ አዲስ ካሜራ ላይ የሰካው ለባሕር ዳርቻ የሚሆን፣ ብዙ ብርሃን የማያስገባ ሌንስ ነው። ሙሽራው ጭጋግ ሆኖ ወጣ። ጥሩ የወጡት ከበሩ በኩል የቀን ብርሃን ያገኘው የፊተኛው ወንበር ብቻ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥነው እማማ አንጓችና እኔ ነን። እሳቸው እስከ ቅንድባቸው ተሸፍነው፣ እኔ ሻሼን ወደ ኋላ አስሬ። ካሜራዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም። ትርንጎ ከአልበሙ ልትቆርጠኝ ብትፈልግ እናቷን አብራ መቁረጥ ነበረባት።

ይህ ምን ለወጠ ትሉኛላችሁ። የለወጠው ትንሽ ነው፤ ፀጉሬን ነፋስ ያገኘዋል፣ ግንባሬን የሚያዩ ሰዎች ሲጠይቁኝ «የአማቴ ትእዛዝ ነው» እላቸዋለሁ፣ ወሬው በዚያው ያልቃል። ሥራ አልጎደለብኝም፤ ትርንጎ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ይቅር አልኩ አልልም። ይቅር በይ የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ግንባራቸው ለስላሳ ነው። አሁን ለምን እንደምጽፈው ለሚጠይቀኝም መልስ አለኝ፤ ፎቶውን ላጠፋ ቃል ገባሁ፣ አጥፍቻለሁ። አፌን ልዘጋ ቃል አልገባሁም።

ካሜራ ልትቀይሩ የምታስቡ ግን ይህን እወቁ። በጨለማ የሚያነሳ ካሜራ ደግ አይደለም። ጨለማ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ብርሃን ያጣ እንዳይመስላችሁ፣ መርጦት የተቀመጠም አለ። ይህን ማየት ከቻላችሁ ግዙ። እኔ በመግዛቴ አልተጸጸትኩም።

እማማ አንጓች ባለፈው ፀደይ አረፉ። በማግሥቱ ጠዋት ትርንጎ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ በሬን አንኳኳች። ትንፋሽ አጥሯታል፣ ጥቁር ለብሳለች። ለለቅሶው የሚሆን የእናቷን ፎቶ ትፈልጋለች።

«አንድ ጥሩ ነበረኝ» አልኳት። «ራሳቸው አጠፉት።»

«ሌላስ?»

ያን ሐሙስ ሚቅላቱ ውስጥ በአሮጌው ካሜራ ያነሳሁትን አትሜ ሰጠኋት። ነጭ ሻሽ፣ ነጭ ነጠላ፣ በመሃሉ ጨለማ። ወደ መስኮቱ ወስዳ ቆማ አየችው።

«ከሰል ነው» አልኳት። «ፊታቸው አይታይም።»

ትርንጎ ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ይኼ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ይኼንኑ አጉዪልኝ።»

አጎላሁላት።